ከወግዲ አፋፍ እስከ ጉባ፦ ያልተከፈለው የእርከን ሂሳብ

በ2003 ዓ.ም. በዓባይ ተፋሰስ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ተጀመሩ። አንደኛው መጋቢት 24 ቀን ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለለት ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ገጠር ቀበሌዎች የተጀመረው የሕዝብ ንቅናቄ የተፋሰስ ልማት ነው። ገበሬው እህሉን ከአውድማ ካስገባ በኋላ በጥርና በየካቲት ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ ተዳፋቱን እየለካ እርከን ይሠራል፣ ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር ይዘጋል፣ የተራቆተውን ጋራ ከከብት ይከልላል። ለዚህ ሥራ የቀን አበል የለውም። የመጀመሪያው ሥራ በብር የተመዘገበ ሂሳብ አለው፤ በጀቱ ይታወቃል፣ ቦንድ የገዛውም ሰው ደረሰኝ ይዟል። የሁለተኛው ሥራ ወጪ ግን በመንግሥት የበጀት ሰነድ ውስጥ ሲፈለግ አይገኝም፤ የሚገኘው በኪሎ ሜትርና በሄክታር የተሞላ ሪፖርት ነው። የዛሬው ዝግጅታችን የሚለው አንድ ነገር ነው፤ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋና አፋፍ ላይ አፈር ጠብቆ የሚያቆየው ጉልበት የሕዝብ ኢንቨስትመንት ስለሆነ ከዓባይ ውኃ ከሚገኘው ገቢ ላይ ዋጋ ሊቆረጥለት ይገባል።

መልክዓ ምድሩን ያልተረዳ ሰው ክርክሩን ሊከተል አይችልምና ከዚያ እንነሳ። ከተማው መካነ ሰላም ከሆነው የቦረና ወረዳ ጋር የሚዋሰነው የወግዲ ወረዳ በምዕራብ በኩል የሚያልቀው በዓባይ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ምሥራቅ ጎጃም ይታያል። ገብስና ባቄላ ከሚዘራበት ደጋ ተነስቶ፣ ጤፍና ስንዴ በሚበቅልበት ወይና ደጋ አልፎ፣ ማሽላ ወደሚታጨድበት ቆላ ለመውረድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል መሄድ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ በአንድ ወረዳ ክልል ውስጥ ነው። የክረምት ዝናብ በዚህ ተዳፋት ላይ ሲወርድ የሚያቆመው ነገር ካላገኘ አፈሩን ጠርጎ በጅረቶቹ በኩል ዓባይ ውስጥ ይጨምረዋል። በስተሰሜን በሽሎ፣ በስተደቡብ ወለቃና ጀማ የወሎንና የሰሜን ሸዋን ደጋ እያጠቡ የሚገቡት እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው። ይህ ምድር ሁልጊዜ ራቁቱን እንዳልነበረ የሚመሰክር ቦታም በቅርብ አለ፤ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሆነው የደንቆሮ ጫካ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ እንደቆየ በአካባቢው ይነገራል። ደን የለበሰ ተራራ ዝናቡን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል፣ ምንጭም ያወጣል። የታረሰ ተዳፋት ይህን የሚያደርገው የሰው እጅ ሲረዳው ብቻ ነው።

የጉዳቱን ልክ ሳይንስ ካወቀው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲቋቋም የመጀመሪያ ጣቢያውን የከፈተው እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ ማይባር ላይ ነበር። ፕሮጀክቱን የመሩት ሃንስ ሁርኒ ከየጣቢያው የተሰበሰበውን መረጃ መሠረት አድርገው በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ፣ በአገር ደረጃ ደግሞ ጠቅላላው ወደ 1.5 ቢሊዮን ቶን እንደሚደርስ ገምተዋል። 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። ከዚያው ሄክታር የሚገኘውን የእህል ኩንታል የሚያውቅ ገበሬ ይህን ቁጥር ሲሰማ የትኛው ምርት እንደሚበልጥ ለማወቅ ስሌት አያሻውም። ግምቱ አማካይ መሆኑን መዘንጋት የለብንም፤ ረባዳው መሬት ከዚህ ያነሰ፣ ገደላማው አፋፍ ደግሞ የበለጠ አፈር ያጣል።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? እስከ 2016 ዓ.ም. ሲሠራበት የቆየው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይካሄድበት ይከለክል ነበር፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ብቻ እንደሆነ ይደነግግ ነበር። ባለይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ ነበረበት፤ መሬቱን ካጎሳቆለ የመጠቀም መብቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ሕጉ በይዘቱ ተገቢ ነበር። ችግሩ ግዴታውን በሙሉ በአንድ ወገን ትከሻ ላይ መጫኑ ነበር። ወግዲ ላይ ከመሬቱ አብዛኛው ተዳፋት የሆነበት ቤተሰብ በሕጉ መሠረት ከፊሉን ማሳ ለዛፍና ለሣር መተው፣ የቀረውን በእርከን መክበብ ነበረበት። ይህን በሚያደርግባቸው ዓመታት ልጆቹ የሚበሉትን ማን እንደሚሸፍን የሚናገር አንቀጽ አልነበረውም።

ይህን ጥያቄ ወሎ ከማንም በላይ በተግባር ፈትኖታል። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በተካሄደው ምግብ ለሥራ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እርከን ተሠርቷል፣ ጋራዎችም ተከልለው ደን ለብሰዋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ ቦታ እርከኑ ታረሰ፣ ዛፉ ተቆረጠ። ይህን የገበሬው አላዋቂነት አድርገው የጻፉ አሉ፤ ማስረጃው የሚያሳየው ሌላ ነው። ሰዎቹ የተከሉት ዛፍ የማን እንደሆነ፣ የተከለለው ጋራ ነገ ማን እንደሚጠቀምበት አልተነገራቸውም ነበር፤ የተከፈላቸውም ለሠሩበት ቀን እንጂ እርከኑ ቆሞ ለቆየበት ዓመት አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከዚህ ስሕተት ግማሹን አርሟል። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር የአምስት ቀን ሥራ እያሰበ በእህል ወይም በጥሬ ገንዘብ ከፍሏል፣ መሥራት ለማይችሉት ያለ ሥራ ሰጥቷል፣ ሥራውንም በተፋሰስ ዕቅድ አያይዟል። ያም ሆኖ ክፍያው የሚታሰበው ቤተሰቡ ስንት ወር እህል ይጎድለዋል በሚል መለኪያ ነው። ከድህነቱ ትንሽ ቀና ያለው ገበሬ ይመረቃል፣ ከመዝገብ ይወጣል፤ ማሳው ግን ከእርሱ ጋር አይመረቅም፣ ተዳፋትነቱም አይቀርም። ሴፍቲኔት በሌለበት ቀበሌ ያለው ደግሞ ያንኑ ሥራ በነጻ ይሠራል።

በነጻ የተሠራ እርከን ለምን አይበረክትም የሚለውን ጠበቅ አድርገን እንየው፤ የክርክሩ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነውና። እርከን ቦታ ይወስዳል፤ ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር የሚወስደው ቦታም ይጨምራል። በሬ ጠምዶ ማዞር ያስቸግራል። የድንጋዩ ካብ አይጥ ይሸሽጋል። ዝናብ በሚበዛበትና ውኃ በሚቋጥር አፈር ላይ ሰብሉ ውኃ ይተኛበታል። በጎጃም አንጀኒ ጣቢያ በተገኘ መረጃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ዝናብ በሚበዛበት ደጋ እርከን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት እንደማይጨምር፣ እንዲያውም ከያዘው ቦታ የተነሳ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተዋል። ጥቅሙ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ አፈሩ ደለል ሠርቶ ማሳው ሲስተካከል ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን በየዓመቱ መጠገን ይፈልጋል። የዘመቻው ሪፖርት ጥገናን እምብዛም አይቆጥርም። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚወጣው ቁጥር ዘንድሮ የተሠራው አዲስ እርከን ርዝመት ስለሆነ፣ የአምናው እርከን በክረምት ጎርፍ ተደርምሶ እንደሆነ የሚጠይቅ ሳይኖር አዲስ መስመር ይቀየሳል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የሚገመገመው በዚሁ ቁጥር ነው። እርሱ ላይ መፍረድ አይገባም፤ መፍረድ ያለብን መለኪያውን ባወጣው አሠራር ላይ ነው።

አሁን ወደ ቁልቁል እንሂድ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅም ፈጥሯል። ኢትዮጵያ ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች። ወደ ሱዳን ድንበር ይደርስ የነበረው የዓባይ ደለል በዓመት ወደ 140 ሚሊዮን ቶን እንደሚሆን ይገመታል፤ አሁን አብዛኛው የሚቆመው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው። ደለል ግድብን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከድንበሩ ማዶ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው የሮሴሬስ ግድብ ከመነሻ አቅሙ አንድ ሦስተኛ ያህሉን በደለል አጥቶ፣ ሱዳን በ2005 ዓ.ም. ቁመቱን በ10 ሜትር አስረዝማለች። ስለዚህ ከወግዲ አፋፍ ላይ የተገታ እያንዳንዱ ጎርፍ ሁለት ተጠቃሚ አለው፤ አንዱ አፈሩ የተረፈለት ገበሬ፣ ሌላው ውኃው የጠራለት ግድብ። ለሥራው ጉልበት የሚያወጣው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ለግድቡ ቦንድ ገዝቶ አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ገበሬው የሚጠብቀው የራሱን መሬት ነውና ለራሱ ጥቅም ለምን ይከፈለዋል የሚል ነው። ጥቅሙ የራሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘመቻም ቅስቀሳም ባላስፈለገ። ወጪው ዛሬ፣ ጥቅሙ ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ከጥቅሙም ከፊሉ ለሌላ ሲደርስ፣ ጎተራው ጠባብ የሆነ ሰው በገዛ አቅሙ የሚሠራው ለአገር ከሚያስፈልገው ያነሰ መሆኑ አይቀርም። ሁለተኛው ተቃውሞ ክፍያ የደቦንና የወንፈልን ባህል ይገድላል፣ ሰውን ጥገኛ ያደርጋል ይላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ለባህሉ አስበው ነው፤ ነገር ግን ወንፈል ተራ አለው፤ ዛሬ ለጎረቤቱ ያረመ ሰው ነገ ይታረምለታል። በዘመቻው የተሰጠ ቀን ተራው የሚመለስበት አሠራር የለውም። ጥገኝነትን በተመለከተ፣ ለተሰጠ አገልግሎት ዋጋ መቀበል ምጽዋት አይደለም፤ ከዓባይ መብራት ገዝቶ የሚከፍለውን ፋብሪካ ጥገኛ ብሎ የሚጠራው የለም።

ሦስተኛውና የበረታው ተቃውሞ ከመሐንዲሶች ወገን ይመጣል። የሕዳሴው ግድብ ለደለል ማጠራቀሚያ የሚሆን ከተርባይኖቹ በታች ያለ ትልቅ ቦታ ስላለው ለብዙ ትውልድ አያሰጋውም፤ ደለሉም የሚመጣው ከማሳ ብቻ ሳይሆን ከቦረቦርና ከወንዝ ዳር ጭምር ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። የግድቡ ጤና ብቻውን መከራከሪያችን ቢሆን ኖሮ ደካማ በሆነ ነበር። ግድቡ መቶ ዓመት ሊታገስ ይችላል፤ በተዳፋት ላይ ያለ ስስ አፈር ግን ያን ያህል ጊዜ የለውም፤ ድንጋዩ የወጣበት ማሳ ተመልሶ እህል ለማብቀል የሰው ዕድሜ አይበቃውም። የዓባይ ገቢ የሚጠየቀው ግድቡን ከነገ አደጋ ለማዳን ብቻ አይደለም፤ ከተፋሰሱ የሚገኝ ሀብት ለተፋሰሱ ነዋሪ ድርሻ ሊኖረው ስለሚገባም ነው። ቦረቦሩን በተመለከተ፣ ለክትርና ለወንዝ ዳር ተክልም በዚሁ ገንዘብ መክፈል ይቻላል።

ይህ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከ25 ዲግሪ በላይ የሚያዘቀዝቅ መሬታቸውን ማረስ ትተው ሣርና ዛፍ ለሚያለብሱ ገበሬዎች መክፈል ጀመረች፤ በቢጫው ወንዝ ተፋሰስ ለአንድ ሄክታር በዓመት 15 ኩንታል፣ በያንግትዜ 22.5 ኩንታል እህል ከጥቂት ገንዘብ ጋር፣ ለደን ዛፍ እስከ ስምንት ዓመት ድረስ። ክፍያው በአንዳንድ ቦታ መዘግየቱና መጉደሉ ተዘግቧል፤ ከዚያም መማር ይቻላል። በኮስታ ሪካ ደግሞ የውኃ ኃይል ኩባንያዎች ከግድባቸው በላይ ደን ለሚጠብቁ ባለይዞታዎች ይከፍላሉ። እኛ ጋ አቅሙ የለም የሚል ካለ መንግሥት ለማዳበሪያ በቢሊዮን የሚቆጠር ብር መደጎሙን ያስታውስ፤ በወርኃ ሰኔ የተበተነው ማዳበሪያ በሐምሌ ጎርፍ ከአፈሩ ጋር ከሄደ ድጎማውም አብሮ ሄዷል። የአፍሪካ መንግሥታት በ2003 እ.ኤ.አ. ማፑቶ ላይ ከበጀታቸው 10 በመቶውን ለግብርና ለመመደብ ሲስማሙ፣ ቃሉን ከጠበቁት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆና ስትጠቀስ የቆየችው ኢትዮጵያ ናት። በዚያ ስሌት ውስጥ የገበሬው የጥርና የየካቲት ቀናት አልተቆጠሩም።

አሠራሩ የተወሳሰበ መሆን የለበትም። ከኤሌክትሪክ ሽያጭ በሕግ የተወሰነ ድርሻ ተቆርጦ ለዓባይ ተፋሰስ ወረዳዎች የጥገና በጀት ይሁን፤ ክፍያው በተሠራ አዲስ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ከሁለት ክረምት በኋላ ቆሞ በተገኘ እርከን ይታሰብ፤ ቆጠራውን የቀበሌው ነዋሪ ከባለሙያ ጋር ያድርግ። ይዞታው በደብተር የተመዘገበ ስለሆነ ማሳው የማን እንደሆነ መለየት አያስቸግርም። ለዚህ ሁሉ ሰላም ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት ባለሙያውን ከቀበሌ አርቋል፣ ገበሬውንም ጋራ ላይ ወጥቶ እንዳይሠራ አድርጎታል፤ ተፋላሚዎቹ ወገኖች ይህን ሊያስቡበት ይገባል። ሕጉን ለማውጣት ግን የጦርነቱን ማብቂያ መጠበቅ አያስፈልግም። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ የገንዘብ ሚኒስቴርና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚቀጥለውን በጀት ሲያዘጋጁ ለእርከን ጥገና አንድ መስመር ይክፈቱ፣ የወግዲ፣ የቦረና፣ የሳይንትና የከለላ ወረዳዎች የሚያገኙትንም በስማቸው ይጻፉት።