ሆድ ውስጥ የሚነፋው ጋዝ

ላፓሮስኮፒ ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ ኦፕራሲዮን መሥራት ነው። ጀርመናዊው ኤሪክ ሙኸ እ.ኤ.አ. በ1985 የሐሞት ከረጢት በዚህ መንገድ ሲያወጣ የሙያ ባልደረቦቹ ፊት ነሱት። ስለ ታሪኩ ይህ ይበቃል።

ሐዋሳ ላይ ወሬው ሲነሣ «በጨረር ነው እንጂ ኦፕራሲዮን አይደለም» የሚል አይጠፋም። ጨረር የለበትም፤ ኦፕራሲዮን ነው። ሥጋ ሲቆረጥ ሰውነት ኢንተርሉኪን 6 የተባለ የብግነት መልእክተኛ ይለቃል፤ ጉበትም በዚያ ተቀስቅሶ ሲአርፒ የተባለውን ፕሮቲን ያመርታል። ሐሞት በላፓሮስኮፒ ሲወጣ ሁለቱም ሆድ ተከፍቶ ሲወጣ ከሚጨምሩት ያነሰ ይጨምራሉ። የጭንቀት ሆርሞኑ ኮርቲሶል ግን በሁለቱም መንገድ ተቀራራቢ ነው። ሰውነት መቆረጡን አልሳተም።

የኢንተርሉኪን 6ንና የሲአርፒን ማነስ ሰው ለቀዳዳው ትንሽነት ብቻ ይሰጠዋል። ጋዙንስ? እኛ አገር ከኦፕራሲዮን የተነሣ ሰው ብርድ እንዳይገባበት መስኮት ተዘግቶ በጋቢ ይጠቀለላል፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ለካሜራው ቦታ እንዲገኝ ሆዱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፉታል፤ ግፊቱ በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ጋዙ ቦታ ይዞ ብቻ አይቀመጥም። የሆድ ዕቃ ሽፋን እርጥበት ውስጥ ሟሙቶ አሲድነቱን ከፍ ያደርጋል። በቤተ ሙከራ በዚህ ጋዝ ውስጥ የቆዩ ማክሮፋጆች፣ ማለትም ጀርም ዋጭ ሕዋሳት፣ በአየር ወይም በሂሊየም ውስጥ ከቆዩት ያነሰ የብግነት መልእክት አመንጭተዋል። ይህ ግን ሁለት ስለት አለው፤ የተረጋጋ ዘብ ቤት አያፈርስም፣ ሌባ ሲገባ ግን ሊዘገይ ይችላል።

እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ ጎረቤቴ ሐሞታቸውን ባስወጡ ማግስት ቀኝ ትከሻቸውን በቅቤ ሲያሹ አገኘኋቸው።

«ብርድ ገብቶብኝ ነው።»

«እትዬ፣ ጋዙ ነው» አልኳቸው።

«የምን ጋዝ? ሆዴ ሲሊንደር ነው እንዴ?»

ሆድ ውስጥ የቀረው ጋዝ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ሲያስቆጣ ሕመሙ በነርቭ ተጉዞ ትከሻ ላይ ይሰማል፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይለቃል። እሳቸው ግን ትከሻቸው ሲለቃቸው ወዲያው ጀሪካን ማንሣት አማራቸው፤ ተቆጣሁ። ከላይ የሚታየው ፕላስተር ትንሽ ቢሆንም ውስጥ የተቆረጠው ያው ሐሞት ነው። ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን መቀነስ አለበት፤ የሆድ ሕመም ከባሰ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ቅቤው ይቆይና ወደ ሐኪም ቤት ነው።