ከበረካ በኋላ፦ የቡና አተላ ለቤት ጽዳት

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ሲኒው ሲነሳ ጀበናው ሥር የቀረው አተላ መሄጃው የታወቀ ነው፤ ግቢ ያለው አበባ ሥር ይደፋዋል፣ ግቢ የሌለው ሲንክ ውስጥ። ከመድፋታችን በፊት ጓዳ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አለ። ሆኖም ስለ አተላ የሚወራውን ሁሉ ተቀብዬ አይደለም የምጽፈው። ቅባት ያሟሟል፣ ጀርም ይገድላል፣ የተዘጋ ቧንቧ ይከፍታል ሲባል እሰማለሁ። አንዱንም አያደርግም፤ እንዲያውም በሦስተኛው ጉዳይ ሥራው ተቃራኒ ነው። አተላ ፈቃቂ ነው። ሽታና አቧራ መያዙ ምርቃት ነው።

ለምን ፈቃቂ ሆነ? ከተቆላ ቡና ክብደት ውኃ ሊያሟሟው የሚችለው ቢበዛ 30 በመቶ ገደማ ነው። በካፌ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከ20 በመቶ ብዙም አይርቅም። የቀረው እንጨትን እንጨት ያደረጉት ሴሉሎስና ሊግኒን፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ዘይት፣ ጥቂት ካፌይንና ሲቆላ የተፈጠረው ቡናማ ቀለም ነው። አሲዱ በአብዛኛው ከሲኒው ጋር ስለተጠጣ አተላው ኮምጣጣ አይደለም ማለት ይቻላል። የኛ የጀበና አተላ ደግሞ ሦስቴ የፈላ ስለሆነ ከማሽኑ ይበልጥ የተሟጠጠ ነው። በሙቀጫ የተወቀጠ ከሆነማ ደቃቁም ሻካራውም አብሮ ይገኝበታል፤ ለድስት የምመርጠው እሱን ነው። የማሽኑ ደቃቅና እኩል ስለሆነ ረጋ ላለ ሥራ ይሻላል።

ዋናው ቁም ነገር ጥንካሬው ላይ ነው። የአተላ ቅንጣት ከብረትና ከብርጭቆ ይለሰልሳል፣ ድስት ላይ አርሮ ከተጋገረ ምግብ ግን አያንስም። ስለዚህ ያረረውን እየላጠ የብረቱን ገላ ሳይነካ ያልፋል። የድስት ሽቦ ያረረውንም ብረቱንም አብሮ ይጭራል፤ የተጫረ ድስት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ይይዛል።

ሽሮ ያረረበትን የብረት ድስት እንውሰድ። መጀመሪያ ሙቅ ውኃ ሞልቶ ማሳደር ወይም ቢያንስ ሁለት ሰዓት መተው ነው። ውኃውን ደፍተው ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጥብ አተላና ጠብታ የዕቃ ሳሙና ያድርጉበት፤ ከዚያ በአሮጌ ጨርቅ እያዞሩ ይሹት። ክንድ ሳይሆን ጆሮ ነው ሥራውን የሚከታተለው፦ ያረረው እስካለ ድረስ ከጨርቁ ሥር ሻካራ፣ የተቆራረጠ ድምፅ ይሰማል፤ ሲለቅ ድምፁ እየሳሳ ይሄድና ጨርቁ መንሸራተት ይጀምራል። እዚያ ላይ ያቁሙ። አተላውን በዚያው ጨርቅ ጠርገው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ካራገፉ በኋላ ነው ድስቱ ወደ ውኃ የሚሄደው። ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት ሲከትፍ የዋለ እጅም በትንሽ አተላና በሳሙና ሲታሸ ሽታው በደንብ ይቀንሳል።

ሳሙናው ለምን ገባ? «ተፈጥሯዊ ጽዳት» የሚለው ስም ብዙ ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ቅባትን ከውኃ ጋር አስማምቶ የሚያስለቅቅ ነገር አተላ ውስጥ የለም፤ ራሱም ዘይት አለበት። ከተፈጥሮ ሳሙና የሚፈልግ እንዶድ አለለት፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር አረፋ ይሰጣል፣ ቅባት ያነሳል። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ ሳፖኒን የተነሳ ነው። አመድም ቢሆን ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለው ቅባት ላይ ከአተላ ይበረታል፤ እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲያሹ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሦስቱም ከተፈጥሮ የተገኙ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ጀርምን በተመለከተ አጭር ነው፦ ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን ጣውላ በአተላ አሽቶ «ንጹሕ ነው» ማለት አደጋ አለው። ሳሙናና ሙቅ ውኃ የግድ ነው።

እርጥብ አተላ ውሎ አያድርም። ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውኃ ስለሆነ ክዳን ባለው ዕቃ ከተቀመጠ በጥቂት ቀን ይሻግታል። የሻገተውን መጣል እንጂ ማድረቅ አይጠቅምም። ሊያቆዩት ከፈለጉ በትሪ ላይ ስስ አድርገው ያስጡት፤ በበጋ ፀሐይ ይበቃዋል፣ በክረምት ግን ምድጃ አጠገብ ካልሆነ አይደርቅም። እሳት ላይ አያስደግፉት፤ ደርቆ ሲያበቃ በደንብ የሚነድ ነገር ነው።

ደረቁን በክፍት ሲኒ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ምክር ነው። ሽታን ይይዛል የሚለው መሠረት የለውም አልልም፦ በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከቡና አተላ የፍሳሽ ሽታ የሆነውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚይዝ ከሰል ሠርተዋል። ግን እነሱ አተላውን ከዚንክ ክሎራይድ ጋር ለውሰው እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አክስለውታል። የእኛ ሲኒ ውስጥ ያለው ሽታ የሚይዝበት ያን ያህል ቀዳዳ የለውም፤ ከሚሠራው ገሚሱ የቡናው መዓዛ ሌላውን መሸፈኑ ይመስለኛል። ለማንኛውም ፍሪጁን ሳያጸዱ ሲኒ ማስቀመጥ ከንቱ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን አተላው በምድጃ አመድ ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው። ቡና ያፈላንበት የከሰል ምድጃ ሲገለበጥ አመዱ ቦንኖ ሶፋውም መጋረጃውም ላይ ያርፋል። ከሰሉ ፈጽሞ ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ እርጥቡን አተላ አመዱ ላይ በትነው ትንሽ ይጠብቁ። አመዱ ከእርጥቡ ቅንጣት ጋር ተያይዞ ይከብዳል፤ ሲዛቅ አይነሳም። ድሮ ወርክሾፕ ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ በትኖ መጥረግ የተለመደው በዚሁ ምክንያት ነው። ጠቆር ባለ ወለል ላይ አተላም ያንኑ ይሠራል።

ጠቆር ባለ ማለቴ በምክንያት ነው። ያ ቡናማ ቀለም ቀዳዳ ያገኘበት ሁሉ ይገባል፦ እብነ በረድ፣ በሴራሚክ መካከል ያለ ነጭ መስመር፣ ምንጣፍ፣ ቀለም ያልተቀባ ጣውላ። ቴፍሎን መጥበሻም አይነካ፤ ሽፋኑ ከብረት ይልቅ ለስላሳ ነው። የእንጀራ ምጣድን ተዉት፤ በጎመን ዘር ያሰሰችው ባለቤቷ አትምራችሁም። ቡናችሁን በጨው የምታፈሉ ከሆነ ደግሞ አተላው ብረት ዕቃ ላይ እንዳያድር፤ ጨው ያዝገዋል።

አሁን ወደ ቧንቧው። የአተላ ቅንጣት ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ይዘቅጣል። ሲንኩ ሥር ባለው ጉልበት ላይ ያርፍና ከላይ ከወጥ ዕቃ የሚወርደው ቅባት ሲቀዘቅዝ አንድ ላይ ይረጋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ቧንቧው የጋራ ነው፤ አራተኛ ፎቅ የተደፋው አተላ አንደኛ ፎቅ ላለችው እማማ ወጥ ቤት ነው የሚመለሰው። ጀበናውን መጀመሪያ በማጥለያ ላይ ገልብጦ ማጠንፈፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ውሻ ያለበት ቤት አተላውን ክፍት አይተው፤ የቀረው ካፌይን ትንሽ ቢሆንም ውሻን ይጎዳል። ለአፈር የሚሆነው ሳሙና ያልነካው ብቻ ነው፤ እሱም ስስ ተደርጎ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል፣ ወፍሮ ከተደፋ ደርቆ ቅርፊት ይሠራና ውኃ አያሳልፍም።