ሐመርን ማስረጀት

በሰሜን ጀርመንና በዴንማርክ የባሕር ዳርቻ ካሉት ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ የገባ እንግዳ፥ ዓይኑን ከመሠዊያው አንሥቶ ወደ ጣራው ቢመለከት፥ ከላይ በገመድ ተንጠልጥላ፥ ሸራዋን ዘርግታ፥ በምእመናን ራስ ላይ በጸጥታ የምትሄድ ትንሽ መርከብ ብዙ ጊዜ ያያል። ይህች መርከብ ጌጥ ብቻ አይደለችም፤ ከማዕበል የዳኑ፥ ወይም ወደ ማዕበል ከመግባታቸው አስቀድሞ የተሳሉ የባሕር ሰዎች ያገቧት ስእለት ናት። በእኛ አገር ባለ ስእለት ጃንጥላና መጋረጃ፥ ጧፍና ዕጣን ይዞ ወደ ደጀ ሰላም እንደሚመጣ ሁሉ፥ በዚያም መርከበኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀውን ነገር ጠርቦና ቀብቶ ይሰጣል። እነዚህን የስእለት መርከቦች ጠጋ ብሎ የተመለከተ ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ባሕር ነክቷቸው የማያውቅ ይመስላሉ። ገላቸው ያበራል፥ ገመዳቸው ነጭ ነው፥ ከመልሕቃቸው በታች አንዲት የዝገት እንባ የለችም። ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነገር ንጹሕ ሊሆን ይገባዋልና በዚህ የሚነቀፍ ነገር አላይም።

እኔ ዛሬ ለአንባቢ ላስተዋውቀው የምፈልገው የዚህን ተቃራኒ የሆነውን ጥበብ ነው፤ ይኸውም የአንዲት ዓሣ አጥማጅ ጀልባን አምሳል በትንሹ ሠርቶ፥ ቀለም ቀብቶ ካሳመሩ በኋላ፥ በገዛ እጅ መልሶ ማደብዘዝ፥ ማዛግ፥ ማቆሸሽ፥ ባጭሩ ማስረጀት ነው። ነገሩን መጀመሪያ የሚሰማ ሰው ይስቃል። አንድ ወጣት ዘመዴ ሦስት ወር የደከምሁባትን ጀልባ ቡናማ ዝቃጭ ስለቀልቃት አይቶ፥ «ምነው ጋሼ፥ አዲሱ ዕቃ ምን በደለዎት?» ብሎኛል። መልሱን ያን ጊዜ አላገኘሁለትም ነበር።

ጀልባን አሳንሶ መሥራትና መቀባት ራሱ የትናንት ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ኸርበርት ዊንሎክ የኒው ዮርኩን ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ቡድን መርቶ በላይኛው ግብፅ በቴብስ የመኬትሬን መቃብር ሲመረምር፥ አራት ሺህ ዓመት ያህል በጨለማ የኖሩ፥ ከእንጨት የተቀረጹና በኅብረ ቀለም ያጌጡ አምሳሎች አገኘ። ከእነርሱ አንዱ፥ ከደንገል የታሰሩ ሁለት ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው በመካከላቸው መረብ ሲጎትቱ የሚያሳየው፥ ለካይሮ ሙዚየም ደርሷል፤ የጣና ታንኳ ቀዛፊ ቢያየው ባዕድ ነገር አይሆንበትም። ማስረጀቱ ግን የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ካስፋፉት ሰዎች መካከል ቤልጂየማዊው ፍራንሷ ቨርሊንደንና አሜሪካዊው ሼፕርድ ፔይን ይቆጠራሉ፤ የሁለቱም ሥራ ባመዛኙ የጦር ተሽከርካሪና የወታደር አምሳል ነበረ። በዚህም ምክንያት ይመስለኛል፥ ከታንክ ወደ ጀልባ የተሻገረ ሠሪ ብዙ ጊዜ በጀልባዋ ወለል ላይ አቧራ ሲነሰንስ የሚታየው፤ ማዕበል በየሰዓቱ የሚያጥበው ወለል አቧራ ከወዴት ያገኛል?

ለምሳሌ የምወስዳት ሐመር፥ ጀርመኖች ክራበንኩተር የሚሏት፥ የሰሜን ባሕርን ሽሪምፕ የምታጠምደው ጀልባ ናት። መኖሪያዋ እንደ ቡዙም፥ እንደ ሁዙምና እንደ ግሬትዚል ያሉት ትናንሽ ወደቦች ሲሆኑ፥ የሥራ መስኳም የዋደን ባሕር ነው፤ ይህም ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እየሸሸ የጭቃ ሜዳ የሚተውበት፥ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጠረፍ ነው። ጀልባዋ ከሁለት ጎኖቿ እንደ ክንፍ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ዘርግታ በያንዳንዱ ክንድ አንድ መረብ በባሕሩ ወለል ላይ ትጎትታለች፤ የተያዘውም ሽሪምፕ ወደብ እስኪደረስ አይጠበቅም፥ እዚያው በጀልባዋ ላይ በባሕር ውኃ ይቀቀላል። እንግዲህ የሞተር ጥቀርሻ፥ የድስት እንፋሎት፥ ጨው፥ ጭቃና የብረት ፍትጊያ በአንዲት ጠባብ ገላ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ለሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ምን ሲሳይ አለ? አሥራ ስድስት ሜትር ያላትን ጀልባ በ32 አካፍለን ብንሠራት ቁመቷ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በወለሏ ላይ የሚቆመው ዓሣ አጥማጅም ከአምስት ሳንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም።

ስለ ቀለሙ ከመናገሬ በፊት፥ እውነተኛይቱ ጀልባ ለምን እንደምትቀባ ማወቅ ይበጃል፤ ምክንያቱን ያላወቀ መልኩን አያገኘውምና። ጻድቁ ኖኅ መርከቡን ከውስጥም ከውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቅ የታዘዘው ለውበት እንዳልነበረ የታወቀ ነው። ከውኃው መስመር በታች ያለው የጀልባ ሆድ በብዙ አገር ቀይ ሆኖ የሚታየውም ባለቤቱ ቀይ ስለ ወደደ አይደለም፤ በቀለሙ ውስጥ ከመዳብ የሚገኝ ቀይ ኦክሳይድ ስላለበት ነው፤ መዳብም አልጌውንና በጀልባ ሆድ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉትን ባለ ቅርፊት ፍጥረታት ይመርዛል። ወደ ኋላ፥ ጀልባዋን በሚገፋው ማሽከርከሪያ አጠገብ፥ ከብረቱ ገላ ላይ የተለጠፉ ግራጫ የዚንክ ቁራጮች አሉ፤ እነዚህ የባሕር ውኃ ብረቱን ከመብላቱ በፊት ራሳቸው እየተበሉ ለብረቱ ቤዛ ይሆናሉ። ቀለም ከተቀቡ ሥራቸውን ስለማይሠሩ ባለጀልባው አይቀባቸውም፤ አምሳል ሠሪው ግን በቸልታ ከሆዱ ጋር አብሮ ቀይ ያደርጋቸዋል፥ የባሕር ሰውም አይቶ ይስቅበታል።

የቅቡ ሥርዓት ከጋራዥ ቀለም ቀቢ ሥርዓት ብዙ አይርቅም። ጉድጓዱ በስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ በኋላ ግራጫ መሠረት ይቀባል፤ ቀጥሎ ቀዩ ሆድ፥ ቀጥሎ የላይኛው ገላ በስስ በስሱ ይረጫል፤ የውኃውም መስመር በፕላስተር ተከልሎ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እዚህ ላይ ጀማሪው የማያውቀው አንድ ምሥጢር አለ። አምሳሏን ከግማሽ ሜትር ርቀት ስናያት እውነተኛይቱን ከአሥራ ስድስት ሜትር ርቀት እንዳየናት ይቆጠራል፤ በዚያ ርቀት ደግሞ በመካከል ያለው አየር ቀለምን ያለዝባል። ስለዚህ ከባለጀልባው ቆርቆሮ የተቀዳ ቀለም ቢቀቡባት እንኳ አምሳሏ አሻንጉሊት ትመስላለች፤ ሰማያዊውን በጥቂት ነጭ ማለዘብ፥ ጥቁሩንም በጥቁር ግራጫ መተካት ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ማስረጀቱ ይጀመራል፤ እኔም የተሰናከልሁት በዚህ በር ነው። በመጀመሪያዪቱ ጀልባዬ ላይ፥ የተቀባው የዘይት ቀለም ከደረቀ ምን ይሆናል ብዬ፥ ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ በመገጣጠሚያው ሁሉ ላይ አፈሰስሁበት። አኳራጁ ከሥር ያለውን ቀለም አንሥቶ ከላይኛው ጋር ቀላቀለው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነጩ የመሪው ክፍል የጠላ አተላ መሰለ። ጥፋቱ በሁለቱ መካከል የሚያንጸባርቅ ቨርኒሽ አለመቀባቴ ነበረ። ቨርኒሹ የታችኛውን ከመሟሟት ይጠብቃል፤ ልስልስም ስለሆነ የቀጠነው ቀለም በገላው ላይ ሳይበተን በየስንጥቁና በየምስማሩ ራስ ዙሪያ እየሮጠ ይገባል።

የዝገትን እንባ መሳል ከሁሉ ይልቅ የምወደው ክፍል ስለሆነ በዝርዝር ልናገረው። የሠዓሊ ዘይት ቀለም፥ የተቃጠለ ሸክላ የሚመስለው ቡናማው፥ አስቀድሞ በካርቶን ቁራጭ ላይ ይደረጋል፤ ካርቶኑ ዘይቱን መጥጦ ሲተወው ቀለሙ ሳያብለጨልጭ ይደርቃል። ከዚያ በመርፌ ጫፍ የምታህል ነጠብጣብ ወለሉን ያጠበው ውኃ ወደ ባሕር ከሚፈስበት ቀዳዳ ከንፈር ላይ ትቀመጣለች። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፥ አኳራጅ ነክቶ በጨርቅ ላይ እስኪደርቅ የተጠረገ ቡሩሽ ነጠብጣቧን ከላይ ወደ ታች፥ ሁልጊዜም ከላይ ወደ ታች፥ በቀስታ ይጎትታታል፤ ራሷ ጠቆር ብላ ትቀራለች፥ ጅራቷ ግን እየሳሳች ሄዳ የት እንዳለቀች ሳይታወቅ ትጠፋለች። አንድ ጊዜ መጎተት ይበቃል ብሎ እጅን መሰብሰብ ከሙያው ሁሉ የሚከብደው ነገር ነው። አንዲት እንባ ያማረችለት ሠሪ ሃያ ይጨምርና ጀልባዋን ለቅሶ ቤት ያስመስላታል።

የቀለም መላጥም የራሱ ብልኃት አለው። መጀመሪያ ዝገቱ ይቀባና በቨርኒሽ ይሸፈናል፤ በላዩም ፀጉር ማስያዣ ስፕሬይ ይነፋበታል፤ ከዚያ በውኃ የሚቀጥነው የላይኛው ቀለም ይከተላል። ጥቂት ቆይቶ ገላው በውኃ ረጥቦ በጠንካራና አጭር ቡሩሽ ሲታሽ፥ ስፕሬዩ ከሥር ሟሙቶ የላይኛውን ቀለም እየላጠ ይጥለዋል፤ ዝገቱም በራሱ ጊዜ ብቅ ይላል። በስፕሬዩ ፈንታ የጨው ቅንጣቶችን በእርጥብ ገላ ላይ በትኖ፥ ቀብቶ፥ በኋላ መፋቅም ይቻላል። መጠኑ ግን እንዳይረሳ፤ በእውነተኛይቱ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ልጥ በእኛ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና፥ ከዚህ የሰፋ ልጥ የተደረገባት ጀልባ የተተወች እንጂ የምትሠራ አትመስልም።

ሥራውን ከመጻሕፍት ይልቅ የሚያስተምረው ግን ወደቡ ነው። ውኃው በሸሸ ሰዓት በወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጦ ጭቃ ላይ የተኙትን ጀልባዎች መመልከት፥ እያንዳንዱም እድፍ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። መረቡን የሚሸከሙትን የብረት ጫማዎች ተመልከቱ፤ ጀማሪው ከላይ እስከ ታች ዝገት ይቀባቸዋል፤ ነገር ግን በባሕሩ ወለል ላይ የሚንሸራተተው መርገጫቸው አሸዋ ሲፍቀው ስለሚውል እንደ ብር ያበራል፥ የሚዝገው ጀርባቸው ነው። መረቡ ተጎትቶ በሚወጣበት ጎን ያለው ፍቅፋቂ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች የወረደ እንጂ እንደ መኪና ጭረት ወደ ጎን የተኛ አይደለም። ከውኃው መስመር ጥቂት ከፍ ብሎ፥ ፀሐይና እርጥበት በሚገናኙበት፥ ስስ አረንጓዴ የአልጌ መቀነት ይታያል፤ ከሱ በታች የደረቀ የጭቃ ግራጫ አለ፥ ይህንም በዱቄት ቀለም ማውጣት ይቻላል።

ስለ አሮጌዎቹ የእንጨት ጀልባዎች አንድ ነገር ልጨምር። ዝገት ሁሉ ብርቱካናማ ይመስለን ነበር፤ ኦክ በሚባለው ጠንካራ እንጨት ውስጥ ግን ታኒን የሚሉት፥ ቆዳ ፋቂ የሚፈልገው ዓይነት መራራ ንጥረ ነገር አለ፤ የምስማሩ ብረት ከእርሱ ጋር በእርጥበት ሲገናኝ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ይወጣዋል። የአውሮፓ ጸሐፍት ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ቀለም ከዚሁ ከብረትና ከታኒን ጋብቻ የተገኘ ነበረ። እንግዲህ ቀለሙ በተላጠበት በኦክ ሳንቃ ላይ በምስማሩ ራስ ዙሪያ ብርቱካናማ ሳይሆን ጥቁር ቀለበት የሳለ ሠሪ ወደቡን በዓይኑ ያየ ነው ማለት ነው።

ንጹሕ ሆኖ መቅረት ያለበት ነገርም አለ። በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ የተጻፉት የወደቡ ፊደላትና ቁጥሩ፥ ለምሳሌ የኩክስሃፈን ጀልባ የምትይዘው «ሲ ዩ ኤክስ»፥ ከሩቅ እንዲነበቡ ሕግ ስለሚያዝ ባለቤቱ ቶሎ ቶሎ ያድሳቸዋል፤ ስለዚህ በደበዘዘ ገላ ላይ የደመቀ ነጭ ቁጥር ስሕተት አይደለም፥ እንዲያውም ጀልባዋ ሰው እንዳላት ይመሰክራል። በጭስ መውጫው አናት ላይ ጥቀርሻ፥ በመቀቀያው ድስት ዙሪያ የደረቀ የጨው ውኃ፥ በመሪው ክፍል ጣራ ላይ የባሕር ወፎቹ የጣሉት ነጭ ነጠብጣብ ይደረጋል። ሁሉም ካለቀ በኋላ የማያብለጨልጭ ቨርኒሽ ይረጫል፤ ከመስተዋቱ መስኮትና ውኃ ካቆረበት ወለል በቀር አንዳች የሚያበራ ነገር አይቀርም።

ያ ዘመዴ ባለፈው መጥቶ ከዚያች በኋላ የሠራኋትን ሁለተኛዪቱን ጀልባ አንሥቶ አያት፥ አገላበጣትም፤ ከዚያ በአፍንጫው አሸተታት። ምንም አላለኝም፥ እኔም ለጥያቄው መልስ እንደ ሰጠሁ ቆጠርሁት። የቀረኝ በወለሏ ላይ የሚቀመጠው የሽሪምፕ ቅርጫት ብቻ ነበረ። ስድስት ሳንቲ ሜትር የምታህለው ሽሪምፕ በእኛ መጠን ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ለዚህም ከማሻሸት ብዛት ያረጀውን የዝገት ቡሩሼን ፀጉር በመቀስ ከትፌ፥ በኮላ ነክሬ፥ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ወደ ቅርጫቱ ከመርሁት። ቀለሙን ቀይ ላደርገው እጄ ዳድቶ ነበር፤ የሰሜን ባሕሩ ሽሪምፕ ግን ሲቀቀል ግራጫ ያዘለ ደብዛዛ ሮዝ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ ከቀዩ ጥቂት፥ ከግራጫው በዛ አድርጌ እንደገና በጠበጥሁ።