«ቤታችን ታስሯል» — ስለ ሰጉላ፣ ስለ ጸሎትና ስለ ታቡ ወረቀት

«ገዢ ይመጣል፣ ቤቱን ያያል፣ ይወደዋል፣ ዋጋም ይጠይቃል፤ ከበር ከወጣ በኋላ ግን ስልክ አያነሳም። ይህ ቤት ታስሯል እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» ይህን አነጋገር በአሽዶድ በምሠራበት ሰፈር ከአንድም ሦስት ቤተሰብ ሰምቼዋለሁ። ሦስቱም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የገቡ፣ ልጆቻቸውን በዚያው ቤት ያሳደጉ፣ አሁን ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው ሊፍት ያለው ቤት የሚፈልጉ ወይም ወደ ልጆቻቸው ሰፈር መጠጋት ያማራቸው አረጋውያን ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እዚህ አገር በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድ አንባብያን፣ አብዛኞቻችሁ ገና በሜርካዝ ክሊታ ያላችሁ በመሆናችሁ «ቤት ሳንገዛ ስለ መሸጥ ምን አሳሰበን?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ነገ በመሽካንታ የምትገዙት ቤት፣ ዛሬ አንድ ሰው አልሸጥ ብሎት የተቸገረበት ቤት ሊሆን ይችላል። ችግሩን ሳታውቁ ብትገቡበት ከነችግሩ ትረከቡታላችሁ። ደግሞም ቀድመው የገቡ ዘመዶች ቤት ሲሸጡ «ለሰጉላ አዋጡ» ብለው ሲጠይቁ ያየሁት ከእናንተው ከአዲሶቹ ነው፤ ያውም ከዚያች ከሳል ክሊታ ገንዘብ።

ሰጉላ የዕብራይስጥ ቃል ነው። ልጅ እንዲወለድ፣ ትዳር እንዲገኝ፣ ቤት እንዲሸጥ ተብሎ የሚደረግ ልዩ ጸሎት ወይም ልማድ ማለት ነው። አሽዶድ በ1956 የተቆረቆረች፣ ከሞሮኮ፣ ከጆርጂያ፣ ከሩስያ፣ ከፈረንሳይ፣ ከእኛም አገር የመጣ ሰው የሞላባት ከተማ ስለሆነች የሰጉላ ምክር አያልቅባትም። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ሞሮኳዊት እናት «ኔቲቮት ሂዱ፤ በባባ ሳሊ መቃብር ሻማ አብሩ» ይላሉ። ባባ ሳሊ የሚባሉት ራቢ እስራኤል አቡሐጼራ ከሞሮኮ መጥተው በኔቲቮት የኖሩ፣ በጸሎታቸው የታወቁና በ1984 ያረፉ ሰው ናቸው፤ የመታሰቢያ ቀናቸው ሽቫት በገባ በ4ኛው ቀን ሲሆን ያን ዕለት ሕዝብ ይጎርፋል። ሌላዋ ጎረቤት «መዙዛችሁን አስመርምሩ» ትላለች። ሦስተኛዋ ፔሬክ ሺራ የተባለውን የምስጋና ጽሑፍ 40 ቀን ሳያቋርጡ ማንበብ ይበጃል ባይ ናት። በአራቱ ማዕዘን ጨው የሚያስቀምጥ አለ። ሴቶች ተሰብስበው ሊጥ አቡክተው ሐላ ሲለዩ የሻጩን ስም እየጠሩ የሚጸልዩበት ቤትም አለ፤ ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ደስ ይላል፣ ዳቦውም ይበላል።

ነገሩ የእስራኤል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ካቶሊኮች የቅዱስ ዮሴፍን ትንሽ ሐውልት ገዝተው በግቢያቸው ዘቅዝቀው ይቀብራሉ፤ ቤቱ ሲሸጥ ቆፍረው ያወጡታል። ካቶሊክ ያልሆነውም ሻጭ ያደርገዋል፤ ሐውልቱ ከነመመሪያው በሱቅ ይሸጣል። ግቢ የሌለው ደግሞ በአበባ ማሰሮ ውስጥ ይቀብረዋል።

በእኛ ላይ ግን ጭንቀቱ የሚብስበት ምክንያት አለ። ወላጆቻችን ቤት ሠርተው ያውቃሉ እንጂ ቤት ሸጠው አያውቁም። በጎንደር ገጠር ብዙው ቤተ እስራኤል የሌላ ሰው መሬት የሚያርስ ነበር፤ ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ደግሞ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ መሸጥ መለወጡ ተከለከለ። ጎጆው የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ሲለቁት ይፈርሳል። ላሙና እህሉ ተሸጠ እንጂ ቤቱ የት ተሸጠ? ከጎንደር ከተማ ከመጣችሁትም መካከል ብዙዎቻችሁ በኪራይ ቤት ነው የጠበቃችሁት። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ የሦስት ክፍል ቤቱ አልሸጥ ሲለው ከአባቱ የሰማው ምክር የለውም። የሚያስታውሰው ገበያ ሲጠፋበት ክታብ ያስጻፈ ነጋዴ ነው፤ ቤት ማጠን ነው፤ ጠንቋይ ነው። ኦሪት በዘዳግም ምዕራፍ 18 ሟርተኛንና ጠንቋይን በግልጽ ከልክላለች፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሰው ሲጨንቀው ግን የሚያውቀውን ይረሳል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ። ባላቸው ከሞቱባቸው ስድስት ዓመት የሆናቸው አንዲት እናት ቤታቸውን ለመሸጥ ዓመት ሙሉ ደከሙ። አራት ገዢ መጣ፣ አራቱም ቀረ። በዘመድ ዘመድ የተገኘ አንድ ሰው መጣና ቤቱን ዞሮ አየ፤ ውሃ በሳህን አስቀርቦ ተመለከተ፤ «ደጃፉ ላይ የተቀበረ ነገር አለ፤ ያሰረባችሁም ሩቅ ሰው አይደለም፣ ቡና አብራችሁ የምትጠጡት ነው» አለ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ እንዴት እንደተቀበረ የጠየቀው ሰው የለም። መፍቻው 3000 ሸቀል ተባለ። ከወር በኋላ «እስሩ ጠንክሯል» ብሎ 5000 ጨመረ። ልጆቹ ተበድረው ከፈሉ።

ቡና አብረዋቸው የሚጠጡት ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ የሃያ ዓመት ጎረቤት። ባልየው ሲሞቱ ሰባቱን ቀን ቤቱን ይዘው እንግዳ ያስተናገዱት እሳቸው ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ቀረ።

እናትየው ወደ እኛ የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነበር። በወሬ መካከል ነገሩን ሲያነሱ ነስኽ ታቡ እናውጣ አልኳቸው። ታቡ የመሬትና የቤት ባለቤትነት የሚመዘገብበት መንግሥታዊ መዝገብ ነው፤ ነስኽ ታቡ ደግሞ ከዚያ መዝገብ የሚወጣ ግልባጭ ሲሆን ማንም ሰው በጥቂት ሸቀል ሊያወጣው ይችላል። ስናየው የቤቱ ግማሽ እስካሁን በሟቹ ስም ነው። ጻቭ ዬሩሻ፣ ማለት ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ የሚያረጋግጥ ትእዛዝ፣ አልወጣም። ወደ ቤቱ የመጣው ገዢ ሁሉ ጠበቃ ነበረው፤ ጠበቃው ግልባጩን አውጥቶ የሞተ ሰው ስም ሲያይ «ተወው» ይለዋል። ስልኩ ያልተነሳው ለዚህ ነው።

ትእዛዙ የሚጠየቀው በውርስ ጉዳዮች መዝጋቢ ዘንድ ነው፤ ወራሾቹ ሁሉ ከተስማሙ በራባኑት ፍርድ ቤትም ይሆናል። ወራት ፈጀ፤ ወጣ፤ ቤቱም ተሸጠ። 8000ው ሸቀል አልተመለሰም። የጎረቤትየው ነገር ከዚያም ይከብዳል። ሽማግሌ ገብቶበታል፤ እስካሁን ቡናው አልተጀመረም።

እኔን ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨኝ ይህ ነው። አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች በመሆናቸው በአገር ቤት ጎረቤቶቻቸው «ቡዳ» ይሏቸው ነበር። ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ ጣት የሚቀሰረው በእኛ ላይ ነበር። ያንን ጣት ያየ ሕዝብ እዚህ መጥቶ እርስ በርሱ «አሰረችብኝ» ሲባባል መስማት ያማል። የአገሩም ሕግ ዝም አይልም። በ1977ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 417 መሠረት አንድ ነገር ለማግኘት ብሎ አስማት የሚሠራ መስሎ የሚቀርብ ሰው እስከ ሁለት ዓመት፣ ነገሩን ካገኘ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ መጪውን እነግራለሁ ማለትም በዚሁ ውስጥ ይገባል። የራቢም ሆነ የቄስ ምርቃት ሌላ ነገር ነው። ጸሎት ዋጋ አይጠየቅበትም፤ «ቤቱ እንዲሸጥ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚለውን ሰው ግን በር አትክፈቱለት፤ የከፈታችሁለትም ካላችሁ ወደ ፖሊስ ለመሄድ አትፈሩ።

እንግዲህ ቤት አልሸጥ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ወረቀት ነው። ስሙን ተመልከቱ። በ1980ዎቹ ሲገቡ ጸሐፊው የዕብራይስጥ ስም የሰጣቸው፣ ኋላ የቀድሞ ስማቸውን ያስመለሱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በታቡ ያለው ስም በቴውዳት ዜሁት ካለው ጋር ካልገጠመ ከሚስራድ ሃፕኒም የስም ለውጥ ማስረጃ ያስፈልጋል። አንዳንድ አሮጌ ቤት ደግሞ በታቡ ጭራሽ የለም፤ መዝገቡ በራሹት መቃርቄዒ እስራኤል (በቀድሞ ስሙ ሚንሃል) ወይም በገነባው ኩባንያ ዘንድ ነው። የአርኖና ዕዳ ካለ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ለታቡ የሚያስፈልገውን ፈቃድ አይሰጥም። መሽካንታውንም አትርሱ። መንግሥት ከሰጠው ገንዘብ ከፊሉ ስጦታ የሚሆነው በቤቱ የተወሰነ ዓመት ሲኖሩበት ነው፤ ከዚያ በፊት ከተሸጠ የሚመለስ ሊኖር ይችላል። ስንት ዓመት እንደሆነ በፈረማችሁት የባንክ ውል ላይ ተጽፏል። አዲስ የምትፈርሙት እናንተም ይህን መስመር ካሁኑ አስነብቡ። መሽካንታን ወደ ሌላ ቤት ማዛወር የሚቻልበት ጊዜም ስላለ ባንኩን ሳትጠይቁ ቤቱን አታውጡ።

ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ቤቱ ካልተሸጠ፣ ብዙ ጊዜ እስሩ ዋጋው ነው። ጎረቤት «በዚህ ሸጥኩ» ያለውን አትመኑ፤ የግብር ባለሥልጣኑ የተሸጡ ቤቶችን ዋጋ በኢንተርኔት በነጻ ያሳያል፣ ልጆቻችሁ በስልካቸው ያወጡላችኋል።

ደላላም እንደ ጎንደሩ አይደለም። በ1996ቱ ሕግ መሠረት መታቬኽ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በጽሑፍ ያስፈረማችሁ ትእዛዝ ከሌለው ክፍያ የመጠየቅ መብት የለውም። ታዲያ ቤት ሊያሳያችሁ በር ላይ «ይህችን ፈርሙልኝ» የሚላችሁ ወረቀት እሷው ናት። ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ በብቸኝነት እንዲሸጥላችሁ ሌላ ወረቀት ያቀርባል፤ ለመኖሪያ ቤት ይህ ከስድስት ወር ሊበልጥ አይችልም። ከሁሉ የምፈራላችሁ ግን ዚክሮን ድቫሪም የምትባለውን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የምትጻፍ ግማሽ ገጽ ነው። በአገራችን እማኝ ይቆጠራል፣ እጅ ይመታል፣ ቃል ይከበራል። እዚህ የመሬትና የቤት ሽያጭ በቃል አይጸናም፤ ያች ግማሽ ገጽ ግን እንደ ሙሉ ውል ልትጸና ትችላለች። ጠበቃ ሳያይ አትፈርሙ።

ደስ የማይል ሌላ ምክንያትም አለ፤ ብደብቀው አይጠቅማችሁም። በጥር 2012 በአቅራቢያችን በኪሪያት ማላኺ በአንዳንድ ሕንጻዎች ያሉ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ተሰማ። ማኅበረሰባችን እዚያው ከተማ፣ ኋላም በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጣ። ስለዚህ ቤት ስትፈልጉ «ተሸጧል» ተብላችሁ ማስታወቂያው ሳምንት ቆይቶም ካልወረደ «ዕድላችን ነው» አትበሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ጽፋችሁ ወደ እኛ አምጡት።

ስለ መዙዛ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። በአገር ቤት በራችን ላይ መዙዛ ስላልነበረ ነገሩ ለብዙ እናቶች አዲስ ነው። በውስጡ ያለው ብራና ከዘዳግም ምዕራፍ 6 እና 11 የተወሰደ የእጅ ጽሑፍ ነው። በሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ መመርመሩ ደንብ ስለሆነ ቤት ከመሸጡ በፊት ማስመርመር ምንም አይከፋም። መርማሪው «ፊደል ጠፍቷል» ካለ አስተካክሉት። «ቤታችሁ ያልተሸጠው ፊደሉ ስለጠፋ ነው» ካለ ግን አመስግናችሁ አሰናብቱት። ራምባም ከ800 ዓመት በፊት በመዙዛ ውስጥ የመላእክትን ስም እየጨመሩ እንደ ክታብ ያደረጉትን በጽኑ ገሥጸዋል፤ ትእዛዙን ለገዛ ጥቅማቸው መጠበቂያ አደረጉት ብለው።

ቤቱን የገዛችሁ አይሁዳዊ ከሆነ፣ ቁልፉን ስታስረክቡ መዙዛዎቹን ከመቃኑ መንቀል ክልክል ነው። ውድ ስለሆኑ ልትወስዷቸው ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ የሰፈራችሁን ራቢ ጠይቁ። ገዢ ከሆናችሁም መዙዛዎቹ በየበሩ መኖራቸውን ቁልፉን ስትቀበሉ እዩ።