እጅ ባዳ ሲሆን

ሙከራው ርካሽ ነው፤ ጠረጴዛ፣ የጎማ እጅ፣ መከለያና ሁለት የቀለም ብሩሽ ይበቁታል። የተሳታፊው የራሱ እጅ ከመከለያው ጀርባ ይደበቅና ዓይኑ ጎማው ላይ ብቻ ያርፋል። ሞካሪው ሁለቱንም እጆች በአንድ ጊዜ፣ ያው ጣት ላይ፣ በብሩሽ ዳበስ ዳበስ ያደርጋል። ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ አብዛኛው ሰው ብሩሹ የሚሰማው ጎማው ላይ ይሆናል። ማቲው ቦትቪኒክና ጆናታን ኮኸን ይህን እ.ኤ.አ. በ1998 ኔቸር መጽሔት ላይ ሲያወጡት ከአንድ ገጽ አላለፈም፤ ዛሬ ግን አንድ የምርምር ዘርፍ በሙሉ ከዚያች ገጽ ይቀዳል።

ከአሥር ዓመት በኋላ ሎሪመር ሞዝሊና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር ጠየቁ። ጎማው «የእኔ» ከተባለ የተደበቀው እጅ ምን ይሆናል? ለክተው ቀዝቅዞ አገኙት፤ በአማካይ 0.27 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል። ሌላው እጅ ግን አልቀዘቀዘም። አንጎል እጁን እንደ ባዳ ገፋው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሰዎች የራሳቸውን ምስል ከሩቅ እያዩ ሰውነታቸው ወደዚያ የሄደ ሲመስላቸው፣ ቆዳቸው በብዙ ቦታ ቀዝቀዝ እንደሚል ሮይ ሳሎሞንና ጓደኞቹ ዘገቡ።

ታሪኩ ያምራል። ለእኔ ትንሽ አብዝቶ ያምራል። 0.27 ዲግሪ እኮ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እጅ ላይም ሊመጣ ይችላል። በዚያው በ2013 ማሪኬ ሮደና ባልደረቦቿ በሰው እጅ ሲዳበስ ያዩት ቅዝቃዜ፣ ዳበሳው ለማሽን ሲሰጥ ጠፋባቸው። በ2017 ደግሞ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች አምስት ሙከራ አድርገው ወጥ የሆነ ቅዝቃዜ አላገኘንም አሉ። ስሜቱ አለ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ሁልጊዜ አይከተለውም።

አንጎል የእጅን ሙቀት የሚለውጥበት መንገድ መኖሩን ግን ማንም አይከራከርም። የጣት ሙቀት ማለት በጣት የሚያልፍ ደም ማለት ነው። ጣት ጫፍ ላይ ደም ወሳጁን ከደም መላሹ በአቋራጭ የሚያገናኙ ጥቃቅን ሥሮች አሉ፤ ያለፈቃዳችን የሚሠሩ ነርቮች እነሱን ሲያጠቡ እጅ በረዶ ይሆናል። የደነገጠ ሰው የጨበጠ ሁሉ ያውቀዋል። ከቆዳ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክትም የራሱ በር አለው። ሚጥሚጣ «አቃጠለኝ» ስንል ምሳሌ አይደለም፤ የሚጥሚጣው ቅመም የሚከፍተው ወደ 43 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት የሚከፍተውን ያንኑ የነርቭ በር ነው። ዴቪድ ጁሊየስን በ2021 ለኖቤል ካበቁት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። የሙቀትና የቅዝቃዜ ወሬ ከዚያ ኢንሱላ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ይደርሳል፤ የሕመም፣ የማሳከክና የልብ ምት ወሬም የሚደርሰው እዚያው ነው።

ስለዚህ ነገሩን ገልብጦ መጠየቅም ያስኬዳል። ማርዮሊን ካመርስና ባልደረቦቿ በ2011 የተሳታፊዎችን እጅ አቀዘቀዙ፤ በጎማው መታለሉ በረታ። ሲያሞቁት ደከመ። ቆፈን የያዘው እጅ ባለቤቱን ቶሎ ይክዳል እንደማለት ነው፤ እኔም ከሞዝሊ የቅዝቃዜ ግኝት ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ጉዳዩ ከጨዋታ የሚያልፈው ሕመምተኞች ዘንድ ነው። አንዳንድ ሰው አንጓው ተሰብሮ ከዳነ በኋላ ሕመሙ አይለቀውም፤ እጁ ያብጣል፣ መልኩ ይለወጣል፣ ብዙ ጊዜም ይቀዘቅዛል። «የእኔ አይመስለኝም» የሚሉም አሉ። ሞዝሊ በ2012 እንዲህ ያሉ ሰዎች እጆቻቸውን አጣምረው የታመመውን ወደ ጤነኛው ጎን እንዲያሻግሩ አደረገ። የታመመው ሞቀ፤ ጤነኛው ቀዘቀዘ። በዓመቱ መነጽር አጠለቀላቸው፤ ብርሃን የሚያጣምም፣ የታመመውን እጅ በጤነኛው ጎን ያለ የሚያስመስል። እጁ ከቦታው አልተነቃነቀም። ግን ሞቀ።