ሕፃናትን ዜማ ስለ ማስተማር

ሕፃን ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ ዜማ ያውቃል። እናቱ እሽሩሩ ብላ አስተኝታዋለች፤ እረኛው ወንድሙ ዋሽንት ሲነፋ ሰምቷል፤ ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል በሚከበርበት በቡሄ፥ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ ተከትሏል። ሴቶች ልጆችም በዘመን መለወጫ እንግጫ ሲነቅሉ የሚያዜሙት አላቸው። ስለዚህ ዜማ የሚያስተምር መምህር ልጁ የያዘውን ያቀናል እንጂ ከባዶ አይጀምርም።

ነገር ግን በየመንደሩ ሁለት ዐይነት ተቃውሞ ይሰማል። አንዳንዱ አባት፦ ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲማር ነው እንጂ አዝማሪ እንዲሆን አይደለም ይላል። አንዳንዱ ሽማግሌ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የጨዋታ መሣሪያ እንዳይሆን ይሠጋል። ሁለቱም ሊናቁ አይገባም፤ አባት የተቀየመ እንደ ሆነ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረዋልና።

ለፊተኛው መልሱ በአገሩ ይገኛል። ከጣራ ገዳም እስከ ጋይንት ያለው ደጋ የዜማ አገር ነው፤ ቤተ ልሔም በድጓ፥ ዙር አምባ በዝማሬና በመዋሥዕት፥ ደብረ ታቦር በአቋቋም የታወቁ ናቸው። አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበልና የሸንበቆውን መወዛወዝ ተመልክተው አዲስ የአቋቋም ሥርዓት እንዳወጡ፥ ልጃቸው ተክሌም በደብረ ታቦር እንዳስፋፋው ይነገራል፤ ስሙም እስከ ዛሬ የተክሌ አቋቋም ነው። አዝማሪም ቢሆን የአገርን ነገር በቃሉ የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። እንግዲህ ዜማ መማር የሚያሳፍር አይደለም።

ለሁለተኛው መልሱ ይህ ነው፦ ትምህርት ቤት የሁሉ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ወንበር ይቀመጣል። ስለዚህ መምህሩ ከዜማ ቤት የሚወስደው የማስተማሩን ሥርዓት እንጂ ቅዱሱን ቃል አይደለም። ቃሉን ከልጆቹ ጨዋታና ከአገሩ ዘፈን ይምረጥ።

ሥርዓቱም ሦስት ነው። መጀመሪያው ጆሮ ነው፤ መምህሩ አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ያዜማል፥ ልጆቹ ዝም ብለው ይሰማሉ፥ ከዚያ በኋላ ይቀበላሉ። አንዱ ሳይጠና ሌላው አይጨመርም። ሁለተኛው ምት ነው፤ ልጆቹ በጭብጨባ ይጠብቁት። ከበሮ ቢገኝ፥ ከሰፊው አፍ ወፍራም፥ ከጠባቡ ቀጭን ድምፅ እንደሚወጣ ያሳያቸው።

ሦስተኛው ምልክት ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ዜማን በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ እንደ ደረሰ ይነገራል፤ በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳሰናዱ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ከምልክቶቹ ድፋት ድምፅ ዝቅ እንዲል፥ ቍርጥም እንዲቋረጥ ያመለክታሉ። መምህሩም እንደዚሁ ድምፁ ሲወጣ እጁን ከፍ፥ ሲወርድ ዝቅ ያድርግ፤ ልጁ ዜማውን በዓይኑ ያያል።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የናስ መሣሪያ ይነፉ ነበር። የመንደር ትምህርት ቤት ግን ናስ የለኝም ብሎ ትምህርቱን አይተው፤ የልጅ ድምፅ ያለ ዋጋ የተገኘ መሣሪያ ነው።

ይህም መሣሪያ ጥበቃ ይሻል። የልጅ ድምፅ ቀጭን ስለ ሆነ፥ በጐልማሳ ወፍራም ድምፅ ልክ አዚም ቢሉት ይጨነቃል፤ በጩኸትም ጕሮሮው ይጐዳል። ዜማ የሳተውን ልጅ መምታት ወይም በጓደኞቹ ፊት ዝም በል ማለት ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንድ ጊዜ ያፈረ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አፉን ይዘጋልና። ይልቁንስ ጆሮው ከጠራ ልጅ አጠገብ ይቁም፤ ጊዜም ይሰጠው።

ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የተማረውን እያዜመ የገባ እንደ ሆነ፥ አባትየው ትምህርት ቤቱን በጆሮው ይመረምራል። መምህሩም ለዚያ ፈተና ይዘጋጅ።