ተጨማሪ መረጃ፦ ቀላል የወንጀል ሪከርድና የውጭ ጉዞ

ባሕር ዳር ውስጥ ዲቪ የደረሰው ወጣት ቤት እልልታው ሳያልቅ ሰነድ ማሰባሰብ ይጀመራል። ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ የሚነሳው የፖሊስ ማስረጃው ነው። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላ የአሜሪካ ኢሚግራንት ቪዛ አመልካች ሁሉ ይህን ወረቀት ይጠየቃል።

ታዲያ ጣና ዳር ተጣልቶ በእጅ እልፊት የተቀጣ ሰው ተስፋው ተሟጠጠ? አልተሟጠጠም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ «መሰየም» የሚባል ዕድል ይሰጣል። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ የተቀጣ ደግሞ ከ2 ዓመት በኋላ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ሆኖም በራሱ የሚመጣ መብት አይደለም፤ አመልካቹ በመልካም ጠባይ መኖሩንና የተፈረደበትን ካሳ እንደ አቅሙ መክፈሉን ማሳየት አለበት። ከተፈቀደለት ፍርዱ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል።

የአገር ቤት ስረዛ ግን የውጭ ቆንስላን አያስገድድም። አሜሪካ ምሕረት የተደረገለትን ሰው ጭምር የፍርዱን ግልባጭ ትጠይቃለች። ያም ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ላጠፋ ሰው፣ የወንጀሉ ከፍተኛ ቅጣት ከ1 ዓመት፣ የተፈረደበትም ከ6 ወር ካልበለጠ፣ ሕጓ በሩን አይዘጋም። አደንዛዥ ዕፅ በዚህ አይካተትም።

የከፋው መደበቅ ነው፦ ካናዳ በሐሰት መረጃ ያመለከተን ሰው ለ5 ዓመት ታግዳለች።